«ማኔም ከቤት ጠፍቶ ነው» ለሚለኝ የ15 ዓመት ልጅ ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ የሰፈር አሰልጣኝ (ኮልፌ)

ሰላም ወገኖቼ። ሰፈራችን ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ማለዳ ማለዳ አሰለጥናለሁ። ደሞዝ የለውም፣ በፍቅር ነው። አንዱ 15 ዓመቱ ነው፣ የግራ ክንፍ ተጫዋች። ኳስ እግሩ ስር ስትገባ ከሜዳው ዳር ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል።

አሁን አንድ ደላላ «አውሮፓ ሙከራ አስገባዋለሁ» ብሎ እናቱን 250 ሺህ ብር ጠይቋታል። እሷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት ናት። ዕቁቧን ልታወጣ፣ የጎደለውን ደግሞ የአንገት ወርቋን ሸጣ ልትሞላ ነው። ሰውየው «ፓስፖርቱ ላይ 18 እናደርገዋለን» እንዳለም ልጁ ራሱ ነግሮኛል።

ልመክረው ስል «ኮች፣ ሳዲዮ ማኔም እኮ ከቤት ጠፍቶ ነው እዚያ የደረሰው» አለኝ። የሴኔጋሉን ኮከብ ተጫዋች ማለቱ ነው። ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው። መልስ አጣሁ። ትምህርት ቤት መሄድም ትቷል። እሁድ ከእናቱ ጋር ቁጭ ብለን ልናወራ ነው። የማኔ እውነተኛ ታሪክ ምንድነው? ደላላውንስ ምን ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ ቀዩ ማሊያ

ኮች፣ ልጁ የነገረህ ግማሹ እውነት ነው። «ውሸት ነው» ብለህ አትጀምርለት፣ ከዚያ በኋላ አይሰማህም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገረው።

ማኔ በ1992 ባምባሊ በምትባል የሴኔጋል መንደር ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አገሩ ካዛማንስ የሚባለው ደቡቡ ነው። ከዳካር ጋር ጋምቢያ መሃል ገብታ ትለያቸዋለች። አባቱ ኢማም ነበሩ። ማኔ 7 ዓመቱ ሳለ ታመው ሞቱ። መንደሩ ውስጥ ሆስፒታል አልነበረም። ቤተሰቡ ኳስን እንደ ሥራ አይቆጥረውም ነበር። 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ለቅርብ ጓደኛው ብቻ ነግሮ ወደ ዳካር ጠፋ። እስከዚህ ልጁ ትክክል ነው።

ቲክቶኩ የዘለለው ቀጣዩን ነው። ቤተሰቡ ጓደኛውን አስጨንቆ ያለበትን አወቀ። ሄደው መለሱት። ማኔ ሲመለስ ተደራደረ፤ አንድ ዓመት እማራለሁ፣ ከዚያ ትለቁኛላችሁ አለ። ተማረ። ዓመቱ ሲያልቅ በቤተሰቡ ፈቃድ ሄደ።

ከዚያ ዤኔራሲዮን ፉት በሚባል የሴኔጋል አካዳሚ ተሞከረ። ይህን ራሱ ተናግሮታል። ተራውን ሲጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው አየውና «በዚህ ጫማ ነው የምትጫወተው?» ብሎ ጠየቀው። ታኬታው አርጅቶ ተቀዶ ነበር። ቁምጣውም የኳስ ቁምጣ አልነበረም። ያለኝ ይኸው ነው፣ ብቻ ልጫወት አለ። ተጫወተ፤ ወሰዱት። ያየው አሰልጣኝ ነው እንጂ ደላላ አይደለም።

አካዳሚው ከፈረንሳዩ ሜትዝ ጋር ለዓመታት የቆየ ውል አለው። ፓፒስ ሲሴና ኢስማይላ ሳርም በዚያው በር ነው የወጡት። ማኔ ሜትዝ ሲገባ 18 ዓመት ሞልቶታል። እዚያም ወዲያው አልሆነለትም። በጉዳት ወራት አለፉበት። ተቀይሮ መጀመሪያ የገባው ጃንዋሪ 2012 ነው፣ በዚያው የውድድር ዘመን ቡድኑ ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። የኦስትሪያው ሳልዝበርግ በ4 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛው። በ2014 የእንግሊዙ ሳውዝሀምፕተን ገባ። ሜይ 2015 አስቶን ቪላ ላይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሐትሪክ (በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል) ሠራ፤ የፕሪሚየር ሊጉ ፈጣን ሐትሪክ ነው። ሊቨርፑሉን ታውቀዋለህ። በ34 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ፣ 120 ጎል አግብቶ፣ ሻምፒየንስ ሊግና ፕሪሚየር ሊግ አንስቶ ሄደ። ከዚያ ባየርን፣ ከዚያ የሳውዲው አል ናስር።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ፌብሩዋሪ 2022 ያውንዴ ላይ ያደረገው ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከግብፅ ጋር። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ። 120 ደቂቃ አለፈ። በመለያ ምቱ ወሳኟን ሊመታ የመጣው ያው እሱ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው ያየሁት። አገባ። ሴኔጋል በታሪኳ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደች።

መልስ፦ የዝውውር መስኮት

ወንድሜ፣ ደላላውን በተመለከተ እኔ ልርዳህ። መጀመሪያ የፊፋ ፈቃዱን ጠይቀው። ተጫዋችን ወክሎ መደራደር የሚችለው የፊፋ ፈቃድ ያለው ወኪል ነው። የባለፈቃዶቹ ስም ፊፋ ድረ ገጽ ላይ አለ። ፊት ለፊቱ ስልክህን አውጥተህ ፈልገው። ቀጥሎ የክለቡን ስምና የግብዣ ደብዳቤ አምጣ በለው። ደብዳቤ ቢያመጣም አትመን፣ ራስህ ለክለቡ ጻፍ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ዕድሜው ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ይከለክላል። ጥቂት የተፈቀዱ ሁኔታዎች አሉ። ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲለውጡ፣ ወይም 16 የሞላው ልጅ እዚያው አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሲዘዋወር። የአንተ ልጅ እነዚህ ውስጥ አይገባም። ባርሴሎና እንኳን ይህን ደንብ ጥሶ በ2014 ተጫዋች እንዳያስፈርም ተቀጥቷል።

ሰውየው «18 እናደርገዋለን» ያለው ለዚህ ነው። ደንቡን ያውቀዋል ማለት ነው። ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ሜዳውን የሚያጣው ልጁ ነው፣ ደላላው ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል።

እውነተኛ ወኪል የሚከፈለው ከተፈረመ ውል ላይ ነው። ለአንተም የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ተጫዋች ከአገር አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ16 ዓመት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። ማኔ ከሳልዝበርግ ወደ ሳውዝሀምፕተን ሲሄድ ዋጋው 11.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። አስላው፣ የአንድ ዓመቱ ድርሻ 59 ሺህ ፓውንድ ይመጣል። ስለዚህ ቡድንህን በፌዴሬሽን አስመዝግብ። ልጆቹንም በትክክለኛ ዕድሜያቸው።

መልስ፦ የቃሊቲው 7 ቁጥር

ኮች፣ ይህ በእኛ ቤት ደርሷል። ታናሽ ወንድሜን አንድ ደላላ ኢስታንቡል ወሰደው። 19 ዓመቱ ነበር። ክለብ የሚባል የለም። ለአምስት ሰው በተከራየ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ወር ተቀመጠ። ሰውየው መጀመሪያ «ነገ» ይል ነበር፣ በኋላ ስልኩ ጠፋ። የመመለሻ ትኬቱን አዋጥተን ላክን። ሻንጣውን ስከፍት አባታችን የገዙለት አዲስ ታኬታ ከነላስቲኩ ነበር። አንዴም አልተጫማውም። ታኬታው አሁንም አለን፣ ልጁን ላክልኝና ላሳየው። ወንድሜም ያወራዋል።

መልስ፦ መምህርት ነኝ

ኮች፣ እሁድ ስትቀመጡ ደላላውን ከመስደብ አትጀምሩ። እናትየው ተስፋ የጣለችበት ሰው ነው፣ ትከፋለች። ከማኔ ድርድር ጀምሩ። «አንድ ዓመት ተማር፣ እኛም አንድ ዓመት እንሠራልሃለን» በሉት። ግን እናንተ የምትሠሩትን በስም ጥሩለት። የትኛው ክለብ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ታስሞክሩታላችሁ? በየትኛው ወር? ባዶ ተስፋማ ደላላውም ሰጥቶታል።

ሌላ ምሳሌ ከፈለገ የጋናው መሐመድ ኩዱስ አለለት። በ12 ዓመቱ ራይት ቱ ድሪም የሚባል አካዳሚ ገባ። ኳስና ትምህርት አንድ ላይ ነው እዚያ። ለዴንማርኩ ኖርድስያላንድ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው 18 በሞላው ሰሞን ነው። ከዚያ አያክስ፣ ከዚያ ዌስትሃም። ከእኛም ሳላዲን ሰኢድ ግብፅ የሄደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ውስጥ ስም አውጥቶ ነው።

ለእናትየው ደግሞ የባምባሊውን ሆስፒታል ንገራት። ማኔ አባቱን ባጣበት መንደር በ2021 ሆስፒታል አስገንብቷል። ልጇ ጥሩ ቦታ ቢደርስ ማየት የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል።

የሰፈር አሰልጣኝ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እሁድ ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ልጁ የተቀደደውን ታኬታ ስነግረው የራሱን ጫማ አየት አደረገ። እሱም ጎኑን በሲባጎ ሰፍቶታል። ስለ አንዱ ዓመት ስነግረው ግን ተናደደ፣ «ለምን ቲክቶኩ ላይ ይህን አላሉም?» አለ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄዷል። እኔም በመጪው ወር ሁለት ክለቦች ጋ ላስሞክረው ቃል ገብቻለሁ፣ ቀኑን ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ደላላውን የፈቃዱን ነገር ስጠይቀው «መልሼ እደውላለሁ» ብሎ እስካሁን የለም።

አንድ ችግር ቀርቷል። እናትየው ሳትነግረኝ 20 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥታዋለች። በባንክ ነው የላከችው። ምን ይሻላል?

የዝውውር መስኮት፦

በባንክ መሆኑ ጥሩ ነው፣ የተቀባዩ ስም አለ። የላከችበትን ደረሰኝ፣ የስልክ መልእክቶቹን፣ በተለይ ዕድሜውን እንቀይራለን ያለበት ካለ፣ ምንም ሳትደመስሱ ያዙ። ነገ ጠዋት ባንኳንና ፖሊስ ጣቢያውን አሳውቁ። ብቻዋን አትላካት፣ አብረሃት ሂድ።

የቃሊቲው 7 ቁጥር፦

እኔም አለሁ። እኛ ስንከስ የጻፍነው ማመልከቻ ግልባጩ ቤት አለ፣ ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።