ባለ 13 ጎኑን ሴራሚክ ማንጠፍ ተቸግሬአለሁና እርዱኝ

የተከበራችሁ የጂኦሜትሪ መምህራንና የሴራሚክ ንጣፍ ባለሙያዎች፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ዴቪድ ስሚዝ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ያልሆነ እንግሊዛዊ ያገኘውንና በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውን፣ ወለልን ያለ ክፍተት እየሸፈነ ሥርዓቱ ግን ፈጽሞ የማይደጋገመውን «ባርኔጣ» የተባለ ቅርጽ ለማንጠፍ ስሞክር መላው ጠፍቶብኛል።

በቅድሚያ 60 ቁራጮችን ከካርቶን ቆርጬ ስደረድር፣ ጥቂት እንደሄድኩ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ተፈጠረ፤ ቁራጩን በየአቅጣጫው ባዞረው አልገባ አለ፣ በጀርባው ስገለብጠው ግን ልክክ ብሎ ገባ። ካርቶን ይገለበጣል፤ ሴራሚክ ግን የሚያብረቀርቀው በአንድ ፊቱ ብቻ ስለሆነ የተገለበጡትን ለይቼ ማስቆረጥ አለብኝ። ለሰባት ያህል ያልተገለበጡ ቁራጮች አንድ የተገለበጠ እንደሚያስፈልግ፣ እርሱም ከሦስት ያልተገለበጡ ጋር ባለ አራት ቁራጭ ጓድ እንደሚሠራ አንብቤአለሁ። ያቃተኝ ጓዶቹን እርስ በርስ አያይዞ ማስፋቱ ነው፤ ከአሥረኛው በኋላ ሁልጊዜ ይዘጋብኛል። መገልበጥ የማያስፈልገው ተከታዩ ቅርጽም አለ፤ ነገር ግን በተለመደው ሥዕሉ ጎኖቹ ጥምዝ ስለሆኑ በሴራሚክ መቁረጫ ለመቁረጥ ያስቸግራል።

እባካችሁ፣ ጓዶቹ የሚያያዙበትን ቅደም ተከተል በወረቀት ሥላችሁ አሳዩኝ፤ በረንዳው 3 በ4 ሜትር ነው።