በበረኪና ይበልጥ ቢጫ የሆነብኝን ነጭ ሸሚዝ እንዴት ላድነው?

በላብና በዲኦዶራንት ምክንያት ብብቱ ሥር ቢጫ የሆነውን ነጭ የጥጥ ሸሚዜን በበረኪና ብዘፈዝፈው፣ እድፉ በመልቀቅ ፈንታ ጠቆር ብሎ የዝገት መልክ ያዘ። በረኪና የላብን ቢጫነት ሊያባብስ እንደሚችል የተረዳሁት፣ እንደ ልማዴ፣ ከጥፋቱ በኋላ ነው። ጨርቁ በረኪና የሚጎዳው ኢላስታን (የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ክር) 3 በመቶ አለበት፤ በብብቱ ስፌት ዳር ክሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ከሥሩ ያስገባሁት ጣቴ ይታያል። አሁን 3 በመቶ በሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ (ክሎሪን የሌለው ማንጫ ፈሳሽ) ልሞክረው አስቤያለሁ፤ ሆኖም ከበረኪና ጋር መቀላቀል ስለሌለበት፣ አስቀድሞ ስንት ጊዜ ማለቅለቅ እንደሚበቃና የሳሳውን ክር ሳይጎዳ ምን ያህል ደቂቃ ማቆየት እንደሚቻል የሞከራችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሙቀት እድፍን ስለሚያጸና እስከዚያው በካውያ አልነካውም።