ፐብሜድ ላይ ጤፍ ስፈልግ የጉሮሮ ሕመም ይመጣብኛል

ጥያቄ፦ የሕክምና ጥናቶች በሚፈለጉበት ድረ ገጽ፣ በፐብሜድ፣ ስለ ጤፍ የብረት ይዘት የተጻፉ ጥናቶችን እየፈለግሁ ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ ስጽፍ ግን ስለ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ይዘረዝርልኛል። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ጤፍ በእንግሊዝኛ በአንድ ኤፍ (tef) ወይም በሁለት (teff) ይጻፋል። ባለ አንድ ኤፉ አጻጻፍ፣ የምግብና የአየር ቧንቧ ተገናኝተው ሲፈጠሩ የሚከሰተው የፊስቱላ ምህጻረ ቃልም ነው። ባለ አንድ ኤፉን፣ ባለ ሁለት ኤፉንና የጤፍን ሳይንሳዊ ስም «ኢራግሮስቲስ»ን (Eragrostis) በኦር (OR፣ «ወይም») አያይዛቸው፤ በቅንፍ ዝጋና ኤንድ (AND፣ «እና») ብለህ «አይረን» (iron፣ ብረት) ጨምር። ኦርና ኤንድ በትልልቅ ፊደላት ይሁኑ። «አይረን»ን አስቀድመህ ቅንፉን ከረሳህ ግን ፐብሜድ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ ፊስቱላው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

መልስ 2፦ ሁለቱን አጻጻፍ፣ የቀረውን የቃል መጨረሻ በሚተካው የኮከብ ምልክት (tef*) ለመጠቅለል አትሞክር። ከኮከቡ በፊት ቢያንስ አራት ፊደል ይፈልጋል፤ ያንተ ሦስት ነው። ደግሞም ኮከብ ስታስገባ ቃሉን ከሜሽ (MeSH) ርእሶች፣ ማለትም ፐብሜድ ጥናቶችን ከሚመድብባቸው መደበኛ ርእሶች፣ ጋር በራሱ ማዛመዱን ያቆማል።

መልስ 3፦ በደራሲም ፈልግ፤ የእኛ ስም ግን ያስቸግራል። የቤተሰብ ስም ተብሎ የሚመዘገበው አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስለሆነ በሁለቱም ሞክር። ደራሲው የኦርኪድ (ORCID) ቁጥር፣ ማለትም የተመራማሪ መለያ ቁጥር፣ ካለው በዚያ መፈለግ ይሻላል። ፐብሜድ ደግሞ ዋና ትኩረቱ ጤና ነው፤ ለእርሻው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጥናት ማውጫ የሆነውን አግሪስን (AGRIS) እይ።