ቆዳ ላይ ለሚለጠፍ የጤና መለኪያ የትኛው የብርሃን ሴንሰር ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ የልብ ምት፣ የደም ኦክስጅንና አተነፋፈስ የሚለካ፣ ከሰውነት ጋር የሚተጣጠፍ መለኪያ ለመሥራት ማክስ30102፣ ኤስኤፍኤች 7050 (ሁለቱም የብርሃን ሴንሰር ቺፖች ናቸው) ወይስ የብርሃን ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) ትመክራላችሁ?

መልስ 1፦ ለመጀመሪያ ሙከራ ማክስ30102። የ660 ናኖሜትር ቀይና የ880 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ ፎቶዳዮድ (ብርሃን ተቀባይ) እና ንባቡን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ባለ 18 ቢት መቀየሪያ በአንድ እሽግ ይዟል። ጣት ላይ ጥሩ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ በአንዳንድ ዝግጁ ቦርዶች የመረጃ መስመሮቹ ሬዚስተሮች ከ1.8 ቮልት ጋር ስለተያያዙ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ማይክሮኮንትሮለር ሴንሰሩን አያገኘውም። እነሱን ነቅሎ በ4.7 ኪሎኦም ከ3.3 ቮልት ጋር ማያያዝ ነው።

ለእጅ አንጓ ግን አረንጓዴ ብርሃን ያለውን ኤስኤፍኤች 7050 ይምረጡ። አረንጓዴ ብርሃን ጠልቆ ስለማይገባ እንቅስቃሴ የሚያበላሸው ያነሰ ነው። የራሱ መቀየሪያ ስለሌለው እንደ ኤኤፍኢ4404 ያለ ምልክቱን አጉልቶ ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ ይጨመርለታል። ሜላኒን (የቆዳ ማቅለሚያ) አረንጓዴን አብዝቶ ስለሚውጥ ለጠቆር ያለ ቆዳ የኤልኢዲው ከረንት ከፍ ማለት አለበት፤ ባትሪው ከወዲሁ በዚያ ልክ ይታሰብ።

መልስ 2፦ የቺፑ ምርጫ ደህና ነው፤ ሥራውን በብዛት የሚያበላሸው ግን ሽፋኑ ነው። ኤልኢዲውና ፎቶዳዮዱ በአንድ ግልጽ ሲሊኮን ከተሸፈኑ ብርሃኑ ቆዳ ሳይነካ በሲሊኮኑ ውስጥ አቋርጦ ፎቶዳዮዱ ላይ ይደርሳል። ንባቡ ትልቅ ይሆናል፣ የልብ ምቱ ሞገድ ግን ይጠፋል። በሁለቱ መካከል የካርቦን ዱቄት የተቀላቀለበት ጥቁር ሲሊኮን ግድግዳ ያቁሙ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሴንሰሩን ወደ ባዶ አየር አዙሮ ኤልኢዲውን ማብራት። ንባቡ ወደ ዜሮ ካልተጠጋ ግድግዳው ብርሃን ያፈሳል።

ለሽፋኑ ሲልጋርድ 184ን (ባለ ሁለት ክፍል ግልጽ ሲሊኮን) ዋናውን ከማርጊያው 10 ለ1 በክብደት ቀላቅለው አረፋው እስኪጠፋ በቫኪዩም ያቆዩት፤ በክፍል ሙቀት ለመርጋት 48 ሰዓት ይፈልጋል። ቦታ ቦታ ላይ የሚያጣብቅ ሆኖ ከቀረ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ድኝ ወይም አሚን ያለበት ነገር ነው፤ የላቴክስ ጓንትና የብየዳ ፍላክስ ቅሪት ሲሊኮኑን የሚያረጋውን የፕላቲነም ካታሊስት ይገድሉታል። ከመሸፈን በፊት ቦርዱን በአልኮል ማጠብ፣ ጓንቱንም በኒትራይል መተካት ነው። ቆዳው በጣም በሚለጠጥበት ቦታ ኢኮፍሌክስ 00-30 የተባለው ሲሊኮን (1 ለ1 የሚቀላቀል) ይለሰልሳል።

የፖሊኢማይዱ (የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ) ቦርድ ደጋግሞ የሚታጠፍ ከሆነ የመታጠፊያው ራዲየስ ከውፍረቱ 100 እጥፍ አይነስ። ከቺፑ ሥር ማጠንከሪያ ይለጠፍ፤ የኒኬልና ወርቅ ልባጥ መታጠፊያው ላይ አይድረስ፣ ኒኬል ይሰነጠቃል።

መልስ 3፦ ለአተነፋፈስ ፋይበር፤ ደረት ሲነሳና ሲወርድ አብሮ ይለጠጣል። ብረት ስለሌለው ኤምአርአይ ውስጥም ይሠራል። በ1550 ናኖሜትር የሚሠራ ብራግ ግሬቲንግ (ፋይበሩ ውስጥ የተቀረጸ፣ አንድን የሞገድ ርዝመት የሚመልስ ክፍል) የሚመልሰው የሞገድ ርዝመት ለ1 ማይክሮስትሬን (የርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛ መለጠጥ) 1.2 ፒኮሜትር ገደማ፣ ለ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ደግሞ 10 ፒኮሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ስለዚህ የሰውነት ሙቀት እንደ መለጠጥ እንዳይነበብ የማይወጠር ሁለተኛ ግሬቲንግ ጎን ለጎን ያስፈልጋል። ማንበቢያ መሣሪያው ውድ ነው፤ የትንፋሹን ቁጥር ብቻ ለመቁጠር 1 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ፋይበር፣ ቀይ ኤልኢዲና ፎቶዳዮድ ይበቃሉ።

መልስ 4፦ በመልስ 1 ላይ ልጨምር። ለኦክስጅን በየኮዱ የሚገለበጠው «110 ሲቀነስ 25 አር» ቀመር (አር የቀይና የኢንፍራሬድ ምልክቶች ጥምርታ ነው) ግምታዊ ነው። ሽፋኑ፣ የኤልኢዲው የሞገድ ርዝመትና የሚለጠፍበት ቦታ ሲለወጥ ቁጥሮቹም ይለወጣሉ፤ የቆዳ ቀለምም ንባቡን ያዛባል። በተለያየ የቆዳ ቀለም ከደም ናሙና ጋር ካልተመሳከረ በቀር ያንን ቁጥር ለሕክምና ውሳኔ አያውሉት።