አባቴን ይዤ ሦስት ቀን በእግር፤ አንኮበር፣ ወፍ ዋሻ ወይስ ጓሳ?

የባሶ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለጥቅምት መጨረሻ ሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ አባቴን ይዤ በእግር መሄድ አስቤያለሁ። ሴት ልጁ ነኝ፣ ሁለታችን ብቻ ነን የምንሄደው። አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ልጅነቱን መንዝ በግ ሲጠብቅ ነው ያሳለፈው፣ ከዚያ በኋላ ኑሮው ሁሉ ከተማ ሆነ። አሁን ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋሉ ጭንቅ ሆኖበታል። ሜዳ ላይ እኔን ጥሎኝ ነው የሚሄደው፤ ዳገትም አያስፈራውም። ችግሩ ቁልቁለት ነው። ጉልበቱን ያመዋል።

አምና አንድ አስጎብኚ ድርጅት «ቀላል መንገድ ነው፣ 9 ኪሎ ሜትር ብቻ» ብሎ ይዞን ወጣ። 9 ኪሎ ሜትሩ እውነት ነበር። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ገደል ስንወርድ ዋልን፤ አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በከዘራ ሄደ። ያን ጊዜ በጣም ነው ያዘንኩት። ስለዚህ ዘንድሮ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ነው መስማት የምፈልገው። ቁልቁለት የማይበዛበት፣ ግን ቆም ብሎ ሩቅ የሚታይበት ቦታ የቱ ነው? አንኮበርን፣ ወፍ ዋሻን እና ጓሳን አስቤያለሁ።

አንኮበሬው፦
እህቴ፣ እኔ ተወልጄ ያደግኩት አንኮበር ነው፤ ስለዚህ ባዳላ አትፍረጂብኝ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ተነስተሽ ቁርስ እዚያ ትበያለሽ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ ውጡ። ዳገቱ አጭር ነው፤ አባባ እያረፉ ቢወጡትም አይከብዳቸውም። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ከሆነ ከላይ ሆነሽ ስታዪ ተራራው ደረጃ በደረጃ እየወረደ ሄዶ መጨረሻው የአፋር ሜዳ ነው። ፀሐይ ከዚያ ከቆላው ነው የምትወጣው። እዚያው አድራችሁ ሳይነጋ ብትወጡ ሌላ ነገር ነው። ወፍ የምትወዱ ከሆነ የአንኮበር ሰሪን የሚሏት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም፤ ገደል አፋፍ ላይ በመንጋ ነው የምትለቅመው።

ልጥ ማረፊያም ቅርብ ነው። ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ተጓዦች የሰጡት ቦታ ነው። ማርኪዝ አንቲኖሪ የሚባለው በ1882 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ሰዎች ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በእግር ውረዱ ይሏችኋል። መንገዱ ያምራል፣ የጥንት የነጋዴ መንገድ ነው። ግን ጋቢ ለብሰሽ ተነስተሽ ስትደርሺ ላብ በላብ ነው የምትሆኚው፤ ደጋን ጨርሶ ቆላ መግባት ነው። ለአባባ ጉልበት አይሆንም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ወርጄው በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር።

ከሰው አገር፦
ስፔን፣ ሰሜኑ ክፍል፣ አስቱሪያስ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሥራዬ ተራራ መሄድ ነበር። ጥያቄሽን ሳነብ ካሬስ የሚባለው መንገድ ትዝ አለኝ። ከፖንሴቦስ እስከ ካይን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሻውን ሳይጨምር። ሁለት ትልልቅ ተራሮች መሐል ወንዙ ቆርጦ የገባበት ጭው ያለ ገደል ነው፤ መንገዱ ዓለቱ ተፈልፍሎ ነው የተሠራው። ለመዝናኛ ብለው አልሠሩትም። ለኤሌክትሪክ ማመንጫው ውሃ የሚወስደውን ቦይ የሚጠብቁት ሠራተኞች እንዲሄዱበት ነው። ቦይ ደግሞ ብዙ አይወጣም አይወርድም። ስለዚህ መነሻው ላይ ካለው ዳገት በኋላ አብዛኛው ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። የ70 ዓመት ሽማግሌዎች በዱላ ሲሄዱት አይቻለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ጉልበቴን የሰበረኝ መንገድ አለ።

እዚያ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሰሌዳ አለ። ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይጽፉም፤ ስንት ሜትር ትወጣለህ፣ ስንት ሜትር ትወርዳለህ የሚለው ለብቻው ተጽፏል። ከዚያ ድንጋይና ዛፍ ላይ ቀለም እያየህ ትሄዳለህ። ነጭና ቢጫ ከሆነ አጭር መንገድ ነው፣ ነጭና ቀይ ከሆነ ቀናት የሚፈጅ ረጅሙ ነው። ኤክስ ካየህ ተሳስተሃል፣ ተመለስ ማለት ነው። አምና አባትሽን የጎዳው ያ የመውረጃው ቁጥር ነው። ማንም አልነገረሽም።

እኛ ጋ ሰሌዳ የለም፤ ስለዚህ ሰው ነው የሚጠየቀው። ግን «ስንት ሰዓት ይወስዳል?» ብለሽ አትጠይቂ፣ የአገሬው ሰው «ይቺ ናት እኮ» ይልሽና ግማሽ ቀን ትሄጃለሽ። «የተጫነች አህያ ትወርደዋለች?» ብለሽ ጠይቂ። እህል የጫነች አህያ ሳትወድቅ የምትወርደው መንገድ ለአባትሽም ይሆናል። «ኧረ አህያዋን በዙሪያ ነው የምንወስዳት» ካሉሽ አንቺም በዙሪያው ሂጂ።

ሌላው ከፍታ ነው። በዚያ አካባቢ ያለው የፒኮስ ደ ኤውሮፓ ተራሮች ትልቁ ጫፍ ቶሬ ሴሬዶ 2,650 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከተማችን ከሱ በላይ ናት፣ 2,800 ታልፋለች። እናንተ እዚያው ስለምትኖሩ ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከቆላ የሚመጣ ዘመድ ካስከተላችሁ ግን የመጀመሪያውን ቀን ዝግ በሉ።

መንዜዋ፦
እንዴ! የመንዝን ልጅ መንዝ ትወስጂዋለሽ እንጂ ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል? ጓሳ ሂዱ። ገደሉ ከአንድ ወገን ነው፣ እሱም ለማየት ነው፤ ላዩ እንደ ባሕር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ አለው፣ ግን አንዴ ላዩ ከወጣሽ የሚያንገዳግድ ቁልቁለት የለም። ጉብታ ለጉብታ ነው የምትሄጂው።

አባባ የጓሳን ሣር ያውቁታል። በልጅነታቸው ዝናብ ሲመጣ የደረቡት ጌሳ ከሱ የተሠራ ነው፤ የቤቱ ክዳንም፣ ገመዱም ከሱ ነው። እስኪ ቦታው ላይ ስትደርሱ ጠይቂያቸው፣ እኔን አባቴ ሣሩን ነጭቶ እንዴት እንደሚገመድ ቁጭ ብሎ አሳየኝ። መዳፉ ላይ አድርጎ በሌላው እጁ እያሸ፣ እያየሁት ገመድ ሆነ። እጁ አልረሳውም።

ቦታው እንዲህ የቆየው ዝም ብሎ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። የሁለቱ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ዘር፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጦ ሣሩን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሰውም ከብትም አይገባም። ደርግ መሬት ሲያውጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ግን ሕዝቡ አልተወውም፣ ዛሬም የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። የምትከፍሉት ብርም እዚያው ስለሚቀር ደስ ብሏችሁ ክፈሉ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ተቀመጡ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ውስጥ ነው የሚያድሩት። ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ መጀመሪያ ጸጉሩ ይታይሻል፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ። ከዚያ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ዝም ካልሽ ጭ ጭ ጭ የሚለው የመንጨቱ ድምፅ ይሰማሻል። ቀይ ቀበሮም መሐላቸው ሲሄድ ታዩ ይሆናል፤ እነሱን አይነካም፣ አይጥና ፍልፈል ነው የሚያድነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ስለዚህ እባካችሁ ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የውሻ እብደት በሽታ ነው የሚጨርሳቸው።

የጣርማበር ሹፌር፦
መንገዱን ልንገርሽ። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር በኩል ነው፤ የመኪና መተላለፊያው ዋሻ ጋ ሳትደርሺ ወደ ግራ ወደ መሐል ሜዳ ትታጠፊያለሽ። ጓሳን የምታገኚው መሐል ሜዳ ከመድረስሽ በፊት ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚወርድ ጠዋት ብትነሺ ይሻላል፤ አንዳንዴ የፊት መብራት አብርቼ አሥር ሜትር አይታየኝም። ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ በዚያው ቀን ከዚያ የመጣ ሰው ፈልገሽ የመንገዱን ሰላም ጠይቂ። የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም።

ወፍ ዋሻን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ጥዱና ዝግባው ሰማይ የነካ ነው፣ ጉሬዛም አለ፤ ነገር ግን ጫካው ያለው ተዳፋቱ ላይ ስለሆነ ወይ ትወጫለሽ ወይ ትወርጃለሽ።

የባሶ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአባቴ አነበብኩለት። ጌሳ የሚለው ጋ ስደርስ «ቆይ፣ እሱን ድገሚው» አለኝ። ከዚያ ጌሳው ዝናብ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ሲነግረኝ አመሸ። ስለዚህ ጓሳ ነው። ሁለት ሌሊት እዚያ እናድርና በመመለሻችን አንኮበርን ለአንድ ጠዋት እናያለን፣ ኮረብታውን ብቻ። ምን ምን እንያዝ? ብርዱስ?

መንዜዋ፦
በጥቅምት መጨረሻ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጨምሪ። ባርኖስ ካላቸው ይልበሱት። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማረፊያ አለ፣ አስቀድመሽ ደውለሽ ያዢ። ምግቡን ግን ይዛችሁ ሂዱ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሽሮ። ቀን ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ኮፍያ አይቅር። ለአባባ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ዱላ፤ ትንሽም ብትሆን ቁልቁል ስትመጣ ክብደቱ ወደ እጃቸው ይሄዳል። ከስካውቶቹ፣ ከቦታው ጠባቂዎች፣ አንዱን ያዙ፣ የአህያውን ጥያቄም እሱን ጠይቁት።

አንኮበሬው፦
አንኮበር ስትደርሺ እዚህ ጻፊ። አገር ውስጥ ካለሁ ኮረብታው ሥር እጠብቃችኋለሁ፤ አባባን እኔ ይዣቸው እወጣለሁ።