የመጫኛው ፋይል ይወርዳል፣ ግን የማረጋገጫ ቁጥሩ (ሻ-256) አልገጥም አለኝ

ሰላም ወገኖቼ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ ፋይል ጋር እየታገልኩ ነው። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ልጭን ብዬ የመጫኛውን አይኤስኦ ፋይል ማውረድ ጀመርኩ። ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። 4 ጊጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ኔትወርኩ ነው ብዬ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ሁሌም እዚያው ላይ። ለካ የማወርድበት ፍላሽ ፎርማቱ ፋት32 ኖሯል፤ እሱ ደግሞ 4 ጊጋባይት የሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኮምፒውተሩ ዲስክ ሳዞረው ይሄኛው ተፈታ።

አሁን እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ሻ-256 ሳወጣለት ግን ለፋይሉ ከተሰጠው ቁጥር ጋር አይገጥምም። ሁለት ጊዜ አወረድኩት፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ቁጥር ሰጡኝ። መጠናቸው ልክ ነው፣ አንድ ባይት አልጎደለም። አንዱን ፋይል ደግሜ ሳሰላው ደግሞ ያው የራሱ ቁጥር ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ። ኮኔክሽኑ መሃል ላይ እየተቆረጠ ብሮውዘሩ ከቆመበት ሲቀጥል ይሆን የተበላሸው? ወይስ ራሜ ወይም ዲስኩ ነው?

ዝም ብዬ እንዳልጭነው የመመረቂያ ጽሑፌ እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነው። ወደ ሌላ ቦታ እየገለበጥኩት ነው፣ ግን በተበላሸ መጫኛ ጀምሬ መሃል ላይ ቢቆም ሌላ ኮምፒውተር የለኝም።

ቶረንት እያንዳንዱን ቁራጭ እያረጋገጠ ስለሚያወርድ በእሱ ልሞክር? ወይስ መጀመሪያ ራሙን ልፈትሽ? የቱን ላስቀድም?