ፋንድያ ላይ ቀላ ያለ ትል እየወጣ ነው፤ የትል መድኃኒት ተሰጥቶት ለምን አልጠፋም?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ6 ዓመት ፈረስ ነው። ፋንድያው ላይ በርሜል የመሰለ፣ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ዙሪያውን እሾህ ያለው ቀላ ያለ ትል ይታያል። ከ3 ሳምንት በፊት ፌንቤንዳዞል ወስዷል። የፋንድያ ምርመራውም የትል እንቁላል የለም ይላል። የፊት እግሮቹ ፀጉር ላይ ደግሞ ቅጫም የመሰለ ቢጫ ነገር ተለጥፏል፤ በብሩሽ አይለቅም። ይገናኛሉ?

መልስ 1፦
አዎ። ትል ሳይሆን የቦት ዝንብ እጭ ነው። ፌንቤንዳዞል አይነካውም፣ ፓይራንቴልም እንደዚያው፤ የሚገድሉት አይቨርመክቲንና ሞክሲዴክቲን ናቸው። ምርመራው አልተሳሳተም፤ ዝንቧ የምትጥለው ፀጉር ላይ ስለሆነ ፋንድያ ውስጥ የሚገኝ የቦት እንቁላል የለም።

ፈረሱ እግሩን ሲልስ የምላሱ ሙቀትና እርጥበት እንቁላሉን ያስፈለፍለዋል። እጩ ምላስና ድድ ውስጥ ሰርስሮ ገብቶ 3 ወይም 4 ሳምንት ይቆይና ወደ ጨጓራ ይወርዳል። እዚያ በአፉ መንጠቆ የጨጓራውን ግድግዳ ነክሶ ከ8 እስከ 10 ወር ይቀመጣል። ሲጎለምስ ራሱ ለቆ ከፋንድያ ጋር ይወጣና አፈር ውስጥ ወደ ዝንብነት ይለወጣል። አሁን የምታዩት ጊዜውን የጨረሰውን ነው።

መልስ 2፦
መጠኑ በአፍ በኪሎ አይቨርመክቲን 0.2 ሚሊ ግራም፣ ሞክሲዴክቲን 0.4 ነው። ክብደቱን በዓይን አትገምቱ፤ ያነሰ መጠን እጩን አይጨርስም። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት በሳንቲ ሜትር ለኩ። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዝታችሁ ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 160፣ ርዝመቱ 140 ከሆነ 300 ኪሎ አካባቢ ነው፤ 60 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፣ ማለትም ከ1.87 በመቶው የአይቨርመክቲን ፓስታ (በሲሪንጅ አፍ ውስጥ የሚለቀቅ ወፍራም ቅባት መሰል መድኃኒት) 3.2 ግራም።

አፉ ውስጥ ሣር ካለ ከነመድኃኒቱ ይተፋዋል፤ መጀመሪያ አጽዱለት። ሲሪንጁን ጥርስ በሌለበት የአፍ ጥግ አስገብታችሁ ምላሱ ላይ ወደ ኋላ ልቀቁት፣ እስኪውጥም ራሱን ቀና አድርጋችሁ ያዙ። ሞክሲዴክቲን ስብ ውስጥ ስለሚከማች ለከሳ ፈረስና ለውርንጭላ አይሆንም። ለከብት የተሠራውን የአይቨርመክቲን መርፌ ደግሞ በፍጹም እንዳትወጉት፤ የተወጋው ቦታ ክፉኛ ሊመረቅዝ ይችላል።

መልስ 3፦
እንቁላሉን ካልፋቃችሁ ነገ ይልሰዋል። ደነዝ ቢላ ወይም ብርጭቆ ወረቀት በፀጉሩ አቅጣጫ ይሠራል፤ ከግጦሹና ከገንዳው ራቅ አድርጋችሁ ፋቁ። በ5 ቀን ገደማ ለመፈልፈል ስለሚደርስ በሳምንት 2 ጊዜ ይደረግ። ሌላው መንገድ ከ40 እስከ 48 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በስፖንጅ ማሸት ነው፤ እጩ የተላሰ መስሎት ይወጣና ውጭ ይሞታል። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም አትንኩ፤ የሰው ቆዳና ዓይን ውስጥም ይገባል። እንቁላሉን በማጉያ ስታዩት ክዳኑ የተከፈተ ከሆነ ግን ባዶ ቅርፊት ነው።

አገጩ ሥር የሚጥለው የቦት ዝንብ ዓይነት እንቁላሉ ምላስ አይጠብቅም፣ በራሱ ይፈለፈላል። እሱን ቶሎ ፋቁት።

ጥያቄ፦
እናመሰግናለን። መቼ እንስጠው? ትንሽ ከስቷል፤ በዚህ ምክንያት ይሆን?

መልስ 1፦
ዝንቡ ከጠፋ ከ1 ወር በኋላ፤ ያኔ የመጨረሻዎቹ እጮች ከአፍ ወደ ጨጓራ ወርደዋል። ዝንቡ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት አካባቢ በዓመት 2 ጊዜ ይሁን። አብረውት ለሚውሉት ፈረሶች፣ አህዮችና በቅሎዎችም በአንድ ቀን ስጡ። ክሳቱን ግን ወዲያው በቦት አታሳቡ፤ ብዙ እጭ ጨጓራው ውስጥ ይዞ ምንም የማይታይበት ፈረስ ሞልቷል። መጀመሪያ ጥርሱን አስመርምሩ።